ስለ ሕፃናት የሥጋ ደዌ የተደረገ ንግግር



ጌታችን ለምጻሙን ዳሰሰው እንጂ አልሸሸውም። የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን በ1873 (እ.ኤ.አ.) ተሐዋሲውን ካገኘ ወዲህ፣ የሥጋ ደዌ ተላላፊ እንጂ የዘር አለመሆኑ ታውቋል። በሰውነት ውስጥ ለብዙ ዓመት ተሰውሮ ስለሚቆይ በጨቅላ ላይ እምብዛም አይታይም፤ ከ10 ዓመት ወዲያ ይበዛል። በልጅ ላይ መታየቱም፣ ብዙ ጊዜ፣ ያልታከመ በሽተኛ በቤት ወይም በጎረቤት መኖሩን ያስታውቃል። እንግዲህ ስለ ስምና ስለ ጋብቻ ብሎ ልጁን በጓዳ የሚሸሽግ ወላጅ፣ በዘር ያልመጣውን ደዌ ለታናናሾቹ ያወርሳል።

ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነካ የማይሰማ ምልክት በልጅ ገላ ቢታይ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይመርመር። መድኃኒቱ ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ በ6 ወይም በ12 ወር ይፈጸማል። ጣቱ ሳይደነዝዝ የታከመ ልጅ በሙሉ አካሉ ያድጋል፤ የዘገየውን ግን መድኃኒቱ ከደዌው ቢያነጻው እንኳ፣ የጠፋውን ጣት አይመልስለትም።

እግዚአብሔር ሕፃናቱን ይጠብቅ፤ ለወላጆችም ማስተዋልን ይስጥ።