«ተቀበይ!»፦ በዜማ ያደሩ ሴቶች ከጓሳ እስከ ውቤ በረሃ



ዛሬ የምናገርበትን ጉዳይ መጀመሪያ የሰማሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከለቅሶ ቤት ነው። የተወለድኩት በመንዝ፣ ከጓሳ ግርጌ በምትገኝ መንደር ነው። ጓሳ ለብዙዎቻችሁ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው፤ ለእኛ ግን የቤት ክዳን፣ ገመድና የዝናብ ገሳ የሚገኝበት የጋራ ሀብት ነበር። ሳሩ መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚከለከል ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲደነገግ ኖሯል። ለሳር ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ማኅበረሰብ ለግጥምም ያልተጻፈ ደንብ ነበረው፤ ማን፣ የት፣ በምን አጋጣሚ ግጥም ማውጣት እንደሚገባው ሁሉም ያውቅ ነበር።

አያቴ ባረፉ ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አክስቴ ከደብረ ብርሃን መጣች። በልጅነቷ የተዳረችለትን ባል ጥላ የወጣች፣ በከተማ ጠጅ ቤት ከፍታ ክራር እየመታች የምትኖር ሴት ነበረች፤ በቤታችን ስሟ አይነሳም። በዚያ ለቅሶ ሙሾ ያወረደችው ግን እሷ ናት። ስሟን መጥራት የሚጸየፉት ሰዎች ደረታቸውን እየደቁ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ማታ ድንኳኑ ውስጥ የሰማሁት ሌላ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ኮማሪት አልቅሳ ስለቀበረቻቸው አያቴ እንደተዋረዱ ይናገሩ ነበር። ያው አንደበት፣ ያው የግጥም ችሎታ፣ ቀን ክብር ማታ ነውር የሆነበትን ምክንያት ስፈልግ ይኸው ወደ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

እስቲ ከቃላቱ እንነሣ። «ዘማሪ» እና «አዝማሪ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም «ዘመረ» ካለው የግእዝ ግስ የወጡ ናቸው። አንዱ ማዕረግ ሲሆን ሌላው እስከ ቅርብ ጊዜ ስድብ ሆኖ ኖረ። («ዘመረ» እና «ዘመወ» በአንዲት ፊደል ብቻ መለያየታቸው ነገሩን ያከበደው ይመስለኛል፤ ይህ ግን ግምቴ እንጂ ማስረጃ ያለኝ ነገር አይደለም።) «ሴተኛ አዳሪ» የሚለውንም ተመልከቱት። «አዳሪ» እኮ በ«ሠርቶ አዳሪ»፣ በ«ለፍቶ አዳሪ» ውስጥ ያለው ራሱ ነው፤ በአንድ ነገር ኑሮውን የሚገፋ ማለት ነው። ወንዱ የሚያድርበት ሥራ በስሙ ላይ ተጽፏል። የሴቲቱ ስም ግን ሥራዋን ትቶ ሴትነቷን ብቻ ነገረን። ጠጅ ትጥላ፣ ክራር ትምታ፣ ግጥም ታውጣ፣ ሒሳብ ትያዝ፣ ቃሉ አንዱንም አይነግረንም።

ዶናልድ ሌቪን ከመንዝ ጥናቱ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ይህን የአነጋገር ጥበብ የአማራ ባሕል መፍቻ አድርጎ አቅርቦታል። ስለ ቅኔው ብዙ ተጽፏል። በየማታው ለእንጀራቸው ሰምና ወርቅ ስላወጡት ሴቶች የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

በአዝማሪ ቤት ሥራው የሚካሄደው እንዲህ ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ ዘፋኟ ሴት ከሆነች «ተቀበይ!» ይላል። እሷ የተሰጣትን በዜማ ትደግማለች፤ ግን መድገም ብቻ አይደለም። የላላውን ቤት ታጠብቃለች፣ ሰጪው ያላሰበውን ትርጉም ታስገባበታለች፣ ሸላሚውን ታወድሳለች፣ ቆንቋናውን ሳታስቀይም ትወጋለች። በማግሥቱ ስንኙ ከተማውን ሲዞር «እገሌ የሰጠው» ይባላል። ያሰማመረችው ሴት ከድርሰቱ ውስጥ ትወጣለች። የአእምሮ ሥራን ለባለቤቱ አለመስጠት ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚያስቀጣ ጥፋት ነው፤ እዚያ ግን ልማድ ነበር።

መሣሪያዎቻችንም እንደ ሰው ማዕረግ ነበራቸው። በገና የዳዊት፣ የመኳንንትና የጾም መሣሪያ ነው። ማሲንቆ በአብዛኛው በወንዱ አዝማሪ እጅ ኖረ፤ ሚስቱ ከጎኑ ቆማ ትዘፍናለች። ክራር ግን የሰይጣን መሣሪያ እየተባለ ይታማ ነበር። ብዙ ሴቶች በከተማ መተዳደሪያ ያደረጉት ይህንኑ የታማውን መሣሪያ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ያስደንቀኛልም።

ለንጽጽር ወደ ሰሜን ሕንድ ልሻገር። በላክናው ከተማ ታዋይፍ የሚባሉ ሴቶች ነበሩ፤ ግጥም፣ ዜማና ውዝዋዜ ከልጅነታቸው የተማሩ፣ የመኳንንት ልጆች ሥነ ሥርዓትና የጨዋ አነጋገር እንዲማሩ የሚላኩባቸው። የታሪክ ተመራማሪዋ ቪና ታልዋር ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. ከ1858 እስከ 1877 ያለውን የከተማውን የግብር መዝገብ ስትመረምር እነዚህን ሴቶች ከከፍተኛ ግብር ከፋዮች ረድፍ አገኘቻቸው። በ1857ቱ አመፅ ተባብራችኋል ተብለው ንብረታቸው ከተወረሰባቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥም ስማቸው ነበረ። ከዚያ በኋላ የቅኝ ገዥው አስተዳደር ለወታደሮቹ ጤና ባወጣው ደንብ ባለጥበቧን ሴት ከሌሎቹ ጋር በአንድ ምድብ ከተታት፤ ጥቂት ቆይቶም የአገሬው ለውጥ አራማጅ ተቀላቀለውና በውዝዋዜያቸው ላይ ዘመተ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1902 የድምፅ መቅረጫው ካልካታ ሲደርስ ሸክላውን የሞላችው ከእነዚሁ ሴቶች አንዷ ጎሃር ጃን ናት።

በእኛ ዘንድ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ በርሊን ላይ ድምፃቸውን ለሸክላ የሰጡት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ የቤተ መንግሥት ሰው፣ ወንድ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይታየኛል። ሕንዳዊቷ ግብር መዝገብም፣ ሸክላም፣ የወረሳ ዝርዝርም ላይ ስሟ ቀረ። የእኛዋ በሰነድ ብዙም የለችም። ስለዚህ «ታዋይፍ ማለት የእኛዋ አዝማሪ ናት» የሚለውን ችኮላ አልቀበልም። የእኛዋ የቤተ መንግሥት ትምህርት ቤት አልነበራትም፤ የተማረችው ከእናቷ ሙሾ፣ ከሠርግ ቤትና ከጠጅ ቤት ነው።

ታዲያ ከየት መጣች? የሀገራችን ሴት በሰማኒያ ጋብቻ ንብረት የመካፈል፣ ከወላጆቿም ርስት የመውረስ መብት ነበራት። ነገር ግን በልጅነቷ ተድራ፣ ጠልታ ወይም መክና የወጣች ሴት መሬቱን የሚያርስላት ወንድ ካላገኘች መብቱ በወረቀት ይቀራል፤ በመንዝ ብርድ ደግሞ እርሻ ያለ በሬና ያለ ወንድ ክንድ አይታሰብም። ከተማ ሲወጡ በእጃቸው ያለው ሙያ መጥመቅ፣ ማብሰልና ግጥም ነው። ላቀች ድራሴ በአዲስ አበባ ሴቶች ላይ ባደረገችው ጥናት ከልጅነት ጋብቻና ፍች ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ ጎልቶ ታይቷል። አክስቴም የሄደችው በዚያው መንገድ ነው።

የጣሊያን ወረራ ሌላ ቁስል ጨመረ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ተዘዋዋሪ ዘፋኞችና ጠንቋዮች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ወራሪው ዘፋኝን ለምን እንደፈራ ግልጽ ነው፤ ወሬ የሚያደርስ፣ ልብ የሚያነሣሣ፣ በሁለት ትርጉም የሚናገር ሰው ለገዥ አደገኛ ነው። እኛ የናቅነውን ጠላት በትክክል መዝኖታል።

ከነፃነት በኋላ ውቤ በረሃ ደመቀ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው ስለዚያ ሰፈር ነው፤ ልብ ወለዱ ለብዙ ዓመታት ሙሉ በሙሉ ሳይታተም መቆየቱ ራሱ የምናወራውን ነውር ይመሰክራል። ሰፈሩን ግን ልናስውበው አይገባም። በሽታ፣ ዱላ፣ ዕዳና ልጅን ደብቆ ማሳደግ ነበረበት። ዘፋኝ ሁሉ ገላዋን አልሸጠችም፤ የሸጠችውም ሁሉ ዘፋኝ አልነበረችም፤ ሁለቱንም በችግር ያደረገች ነበረች። ሦስቱን በአንድ ቃል ማጠቃለል የፖሊስ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የታሪክ ሥራ ግን አይደለም።

ከዚህ ዓለም ወደ መድረክ የተሻገሩም አሉ። ሜሪ አርምዴ በክራሯ የአንድ ዘመን ድምፅ ሆናለች። አርቲስት አስናቀች ወርቁ፣ ወንዶች የሴት ገጸ ባሕርይ በሚጫወቱበት ዘመን በትያትር መድረክ ላይ የወጡ፣ ክራርን ከጠጅ ቤት ወደ ብሔራዊ ትያትር ይዘው የገቡ ናቸው። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አዘነላቸው፤ በወጣትነታቸው ግን የሰሙት ስድብ ከአክስቴ የተለየ እንደነበር አላምንም።

በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጀምሩ ተማሪዎች በተለይ ስሙኝ። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከደብረ ብርሃን የመጣችሁ ሁሉ የጠጅ ቤት ባለቤት የነበሩ እናቶች በየሰፈራችሁ አሉ፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ስትሄዱ «ስለ ድሮ ኑሮ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሀፍረታቸውን ትቀሰቅሳላችሁ። ግጥሙን ጠይቁ፤ ማን ሰጠው፣ አንቺስ ምን ለወጥሽበት፣ በዚያ ማታ ስንት ተሸለምሽ በሉ። ከመቅረጻችሁ በፊት ፈቃዳቸውን ተቀበሉ፤ ስማቸው እንዲጻፍ ከፈለጉ ሙሉ ስማቸውን ጻፉ፤ ካልፈለጉ ተዉት። የአክስቴን ሙሾ የያዘ ወረቀትም ቴፕም የለም፤ እኔም የማስታውሰው ዜማውን እንጂ ቃሉን አይደለም።