የጓሮ ዘር ከማን ይገዛ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከታላላቆቹ የእርሻ አርእስት አጠገብ ሲቀመጥ አነስተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ ስንዴ ምርት፣ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ መስኖ በየጉባኤያችን ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። እኔ የምናገረው ግን በእፍኝ ስለምትያዝ ነገር ነው። ይኸውም በከተማ ጓሮ የሚዘራ ነባርና ኬሚካል ያልነካው ዘር ከየትና ከማን ቢገዛ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄውን እኛ አልፈጠርነውም፤ ነዋሪው ራሱ ይጠይቀናል። መልሳችን የተዘረዘረና የታሰበበት ካልሆነ ጠያቂው ከመጀመሪያው ሱቅ የመጀመሪያውን እሽግ ገዝቶ ይሄዳል፤ በዚያችም ቀን ምርጫው ተፈጸመ ማለት ነው።

ለአብነት ቦሌ አራብሳን እንውሰድ። ይህ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኝ የጋራ መኖሪያ መንደር ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት የገበሬ ማሳ ነበር። አፈሩ ጥቁር ነው፤ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። እንዲህ ያለ መሬት በሸዋ ደጋ ጤፍና ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ ሲዘራበት ኖሯል። ማሳ ወደ ሕንፃ ሲለወጥ የሚጠፋው መሬቱ ብቻ አይደለም፤ ከዓመት ዓመት ዘር ሲመርጥ፣ ሲያደርቅና ሲያስቀምጥ የኖረው እጅም ይበተናል። ዛሬ በዚያው አፈር ላይ ነዋሪው በሕንፃና በሕንፃ መካከል ባለች ቁራሽ መሬት፣ በማዳበሪያ ከረጢት፣ በተቆረጠ ጀሪካንና በአሮጌ ጎማ ጎመንና ቆስጣ ይተክላል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ለጓሮ ምርት የሚሰጠውን ትኩረት ከፍ አድርጎታል። እንግዲህ መሬቱ እንደገና ዘር እየለመነ ነው ማለት ነው፤ የሚሰጠው ዘር ግን የትኛው ነው?

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው። አንደኛው «ነባር ዘር» ነው፤ ይህም ገበሬው በአንድ አካባቢ ለብዙ ትውልድ እየመረጠ ያቆየውና ተዘርቶ ወላጁን የሚመስል ልጅ የሚሰጥ ዘር ነው። ሁለተኛው «የተፈጥሮ እርሻ ዘር» ነው፤ ይህም ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ሳይጠቀሙ የተመረተ፣ ከተመረተም በኋላ በኬሚካል ያልታሸ ማለት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከውጭ አገር የመጣ የቲማቲም ዘር ለሌላ ሕዝብ ነባር ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን እንግዳ ነው። የእኛው የሐበሻ ጎመንም ኬሚካል በተረጨበት ማሳ ላይ ሊመረት ይችላል። አገራችን በ1998 ዓ.ም. የተፈጥሮ እርሻ ሥርዓትን የሚመለከት ዐዋጅ ቁጥር 488 ብታወጣም፣ የምስክር ወረቀቱ ሥራ ይበልጥ የሚታወቀው ለውጭ ገበያ በሚላኩት በቡናና በመሳሰሉት ምርቶች ነው። ስለሆነም የጓሮ ዘር ገዢ ማኅተም ከመፈለግ ይልቅ «ይህ ዘር የት በቀለ? ምን ተረጨበት? ከተሰበሰበስ በኋላ በምን ታሸ?» ብሎ ቢጠይቅ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ዘር የሚገኝባቸውን በሮች በአምስት ከፍዬ አያለሁ።

የመጀመሪያው የእርሻ ግብዓት ሱቅ ነው። የካሮት፣ የቀይ ሥር፣ የጥቅል ጎመንና የሰላጣ ዘር በብዛት የሚገኘው በዚህ ሲሆን፣ አብዛኛውም ከውጭ የሚገባ ነው። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን በመጀመሪያው ወቅት ሥራቸውን ወይም ቅጠላቸውን አሳድገው፣ የሚያብቡት ረዘም ያለ ብርድ ካገኙ በኋላ ነው፤ በእኛ አየር ዘራቸውን ማምረት ስለሚያስቸግር ነዋሪው እነዚህን ከሱቅ ቢገዛ አይነቀፍም። ይሁን እንጂ እሽጉን ማንበብ ይገባዋል። የታሸገበት ዘመን ተጽፏል ወይ? የሽንኩርት ዘር በተራ አቀማመጥ ከአንድና ከሁለት ዓመት በላይ ኃይሉ አይቆይም፤ የቲማቲም ዘር ግን አራት ዓመትም ሊዘልቅ ይችላል። ሃይብሪድ የሚባለው ድቅል ዘር ከሆነ በመጀመሪያው ትውልድ መልካም ምርት ይሰጣል፤ ልጁን መልሰው ቢዘሩት ግን ወላጁን ስለማይመስል ገዢው በየዓመቱ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ቀይ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ዘርም አብዛኛውን ጊዜ በፀረ ሻጋታ መድኃኒት የታሸ መሆኑን ያመለክታል፤ ይህ ዘር አይበላም፣ ለዶሮም አይሰጥም፣ የተፈጥሮ እርሻ ዘርም ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው በር የምርምር ማዕከሎቻችንና የመንግሥት የዘር አባዦች ናቸው። መልካሳ «መልካ ሾላ» የተባለውን ቲማቲምና «አዳማ ቀይ» የተባለውን ሽንኩርት፣ ደብረ ዘይት «ፀደይ 92» የተባለውን ነጭ ሽንኩርት፣ ሆለታም «ጃለኔ»ና «ጉደኔ» የተባሉትን ድንቾች ለገበሬው አድርሰዋል። እዚህ ላይ ግን ከፍታ መታሰብ አለበት። መልካሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር ላይ ሲገኝ፣ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ የአራብሳም ከፍታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በየ1,000 ሜትር ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት የተመረጠ ቲማቲም በአራብሳ ብርድ ዘግይቶ ቢደርስና በክረምት ሻጋታ ቅጠሉን ቢያደርቀው አያስገርምም። በሆለታ ደጋ የተፈተነ ድንች ግን ለአራብሳ እንደ ጎረቤት ነው። እንግዲህ መመሪያው ግልጽ ነው፤ ዘር ሲገዛ ከስሙ አስቀድሞ ያደገበት ከፍታ ይጠየቅ። የድንች ዘር ሲገዛ ደግሞ ከአጠውልግ በሽታ ነፃ መሆኑ ይረጋገጥ፤ በሽታው አንድ ጊዜ ወደ አፈሩ ከገባ ለዓመታት አይለቅምና።

ሦስተኛው በር ብዙዎቻችን የምንዘነጋው የእህልና የቅመም ገበያ ነው። በመርካቶ እህል በረንዳም ሆነ በሾላ ገበያ ለምግብ የሚሸጠው ድንብላል፣ ፌጦ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና ሰናፍጭ ካልተቆላና ካልተከካ ሊበቅል የሚችል ሕያው ዘር ነው። ዋጋው ከእሽግ ዘር ያነሰ ነው፤ ለምግብ የቀረበ በመሆኑም በዘር መድኃኒት ሊታሽ አይገባውም። ጉድለቱ የበቀለበት አገርና የተሰበሰበበት ዓመት አለመታወቁ፣ ከብዙ ማሳ የተደባለቀም መሆኑ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ከየት አገር የመጣ ነው? የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጥሩ ነጋዴም ይህን አጥቶት አያውቅም።

አራተኛው በር ዘመድና ጎረቤት ነው። የሐበሻ ጎመን፣ ዱባ፣ ቅል፣ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ኮሰረት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ የኖሩት በገንዘብ ሳይሆን በዝምድና ነው። ከገጠር የሚመጣ እንግዳ የቋጠራት ዘር ከየትኛውም እሽግ የበለጠ ታሪኳ የታወቀ ነው፤ ማን እንደዘራት፣ በምን አፈር እንደበቀለች፣ ምን ምን እንደሚጣፍጥባት ሰጪዋ ትናገራለች። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የዘር ዐዋጅም ገበሬው የራሱን ዘር እንዳይጠቀምና ከመሰሉ ጋር እንዳይለዋወጥ አልከለከለም ነበር።

አምስተኛው በር የዘር ባንክ ነው። በዚህ ረገድ ታሪካችንን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ጎብኝቶ ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል ምንጮች አንዷ አድርጎ ቆጥሯታል። የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ አድራቂ ቫይረስ የጠበቀው የመቋቋም ባሕርይም የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል ተመሠረተ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ተብሎ ከ80,000 በላይ ናሙናዎችን ይጠብቃል። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ረኀብ ገበሬውን ዘሩን እስከ መብላት ባደረሰው በዚያ ክፉ ዘመን ነባር ዘር እየተሰበሰበ እንዲድንና ለገበሬው ተመልሶ በማሳው ላይ እንዲኖር ደክመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጣቸውም ስለዚህ ሥራ ነው። በምሥራቅ ሸዋ በኤጀሬና በጨፌ ዶንሳ የተቋቋሙት የማኅበረሰብ ዘር ባንኮች የዚህ አስተሳሰብ ፍሬ ናቸው፤ ገበሬው ዘር ይበደራል፣ ምርቱ ሲገባ ጨምሮ ይመልሳል። የብሔራዊው ባንክ ሥራ ሱቅ መሆን እንዳልሆነ ለጠያቂው ማስረዳት ይገባናል። ይሁን እንጂ የኤጀሬን አሠራር አንድ የጋራ መኖሪያ መንደር በትንሹ ሊከተለው የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከየትም ይገዛ፣ ዘር ሳይፈተን አይዘራ። አንድ መቶ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ለብ ባለ ቦታ ማስቀመጥና በየቀኑ ማየት በቂ ነው። ሰማንያና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ መልካም ነው፤ ስድሳ ከበቀለ ጠቅጠቅ አድርጎ መዝራት ነው፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ግን ለሻጩ መመለስ ይሻላል። ነዋሪው በመጀመሪያው ዓመት ከሁለት ወይም ከሦስት ምንጭ ጥቂት ጥቂት ገዝቶ ጎን ለጎን ቢዘራ፣ የማንኛችንም ምክር የማይሰጠውን መልስ የራሱ አፈር ይሰጠዋል።

ዘር ለማቆየት የሚሻም ከቀላሉ ይጀምር። ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ባቄላና አተር ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ሰላጣ፣ ቲማቲምና አተር ከሞላ ጎደል ከራሳቸው ይዳቀላሉ፣ ባቄላን ግን ንብ ሊያቀላቅለው ስለሚችል አንድ ዝርያ ብቻ መዝራት ይሻላል። ዱባ በንብ ስለሚዳቀል ከጎረቤት ዱባ ጋር ይደባለቃል፤ ቃሪያና የሐበሻ ጎመንም በከፊል እንደዚሁ ናቸው። የሚቆየውም ዘር በጥላ በደንብ ይድረቅ፣ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ቀዝቃዛና ጨለማ በሆነ ቦታ ይቀመጥ፤ የዘሩ እርጥበት በአንድ በመቶ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ያህል እንደሚረዝም ከትምህርታችን እናውቃለንና።

ከመካከላችን «ነባር ዘር ምርቱ አነስተኛ፣ ንጽሕናውም አጠራጣሪ ነው፤ የከተማ ነዋሪን ወደ ኋላ አንመልሰው» የሚሉ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ። ክርክራቸው ክብደት አለው። ለገበያ የሚያመርት ገበሬ ምርቱን በኩንታል ስለሚቆጥር የተሻሻለ ዘር ሊነፈግ አይገባውም፤ የንጽሕናውም ጉዳይ እውነት ስለሆነ ነው ፍተሻን ያስቀደምሁት። ነገር ግን አራት ካሬ ሜትር መሬት ያላት እናት ምርትዋን በሄክታር አትለካም። እርሷ የምትሻው ቅጠሉ ቢቀነጠስ መልሶ የሚያቆጠቁጥ፣ ብርዱንና የጥቁር አፈሩን ጠባይ የሚችል፣ በሚቀጥለውም ዓመት ዘር ለመግዛት ኪስዋን የማያስነካ ጎመን ነው። ለዚህ ዓላማ ደግሞ ነባሩ ዘር ከእንግዳው አያንስም፤ በብዙው ይበልጣል።

እንግዲህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ «ከየት ልግዛ?» ለሚለን ነዋሪ የሱቅ ስም ብቻ ሰጥተን አናሰናብተው፤ እንደ ሰብሉ ዓይነት በሩን እንለይለት፤ ካሮቱን ከሱቅ፣ ድንቹን ከደጋ ምርምር፣ ድንብላሉን ከገበያ፣ ጎመኑን ከጎረቤት። ሁለተኛ፣ እንደ አራብሳ ባሉ አዳዲስ መንደሮች በየዓመቱ ከክረምት በፊት የዘር መለዋወጫ ቀን እንዲኖር የሙያ እገዛ እንስጥ፤ በየቋጠሮው ላይ የዘሩ ስም፣ የመጣበት አገርና የተሰበሰበበት ዓመት ይጻፍ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን አንድ ነባር የጓሮ ዘር መርጠን በየዓመቱ እንዝራ፣ እናቆይ፣ እናካፍልም።

ዘር ከሌላው ሸቀጥ የሚለየው ዝም ብሎ ስለማይጠብቅ ነው። ጨርቅ በመደርደሪያ ላይ ዓሥር ዓመት ቢቀመጥ ጨርቅ ነው፤ ዘር ግን ካልተዘራ ይሞታል። በባንክ ያለውም ቢሆን በየጊዜው እየተዘራ ካልታደሰ ኃይሉ ያልቃል። በጥቁሩ የአራብሳ አፈር ላይ ሕንፃው ቆሟል፤ ማሳው አይመለስም። በሕንፃዎቹ መካከል የቀረችው ቁራሽ መሬት ግን የአባቶቻችንን ዘር ለማቆየት ትበቃለች፤ ይህንንም ለነዋሪው ማሳየት የሙያችን ግዴታ ነው።