ስለ ልጆቻችን ምሳ ዕቃና ስለ ሩጫቸው
(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ በትምህርትና ወጣቶች ንዑስ ኮሚቴ ስም የቀረበ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ልጆቻችን ትምህርት አንድ ነገር እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ቪሲኢ ውጤትና ስለ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ እንደምንናገር ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኛ ግን ስለ ምሳ ዕቃና ስለ ሩጫ ልንናገር መርጠናል። የተራበ ልጅ ፊደል አይገባውምና።

በመጀመሪያ የአገሩን ደንብ እንመልከት። የቪክቶሪያ መንግሥት ትምህርት ቤቶች በካንቲናቸው የሚሸጠውን የሚወስን መመሪያ አላቸው። ስኳር የበዛበት ለስላሳ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጀመሪያ አንሥቶ፣ ከረሜላና ቸኮላት ደግሞ ከ2009 ጀምሮ ከካንቲን እንዲወጡ ተደርጓል። የቀረው ምግብ እንደ ትራፊክ መብራት በሦስት ተከፍሏል። አረንጓዴው ዘወትር የሚቀርብ፣ ብጫው በጥንቃቄ የሚመረጥ፣ ቀዩ በአንድ ተርም ከሁለት ጊዜ በላይ የማይቀርብ ነው። ለሰውነት ማጎልመሻም ሰዓት ተመድቧል። ከፕሬፕ እስከ ሦስተኛ ክፍል በየቀኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ በሳምንት 3 ሰዓት፣ ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ደግሞ በሳምንት 100 ደቂቃ ለሰውነት ማጎልመሻ፣ ሌላ 100 ደቂቃ ለስፖርት ይሰጣል።

ወረቀቱ ያማረ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል። ይህ ደንብ የሚገዛው ካንቲኑን እንጂ ከቤት የሚመጣውን ምግብ አይደለም። በዚህ አገር መንግሥት ለሁሉም ተማሪ ምሳ አያበላም። ድሮ ወተት ይሰጥ ነበር፤ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1973 ድረስ የአውስትራሊያ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው በነጻ ወተት ይጠጡ ነበር፤ እሱም ቀረ። አዲስ አበባ እንኳ ከ2019 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማብላት ጀምራለች። እዚህ ግን የልጁ ምሳ የሚወሰነው ጧት በእኛ ወጥ ቤት ነው። ስለዚህ የመመሪያው ግማሽ በእጃችን ነው ማለት ነው።

አሁን የሆነውን እንንገራችሁ። ከኮሚቴያችን አባላት የአንዷ ልጅ ለሁለት ወር ያህል ምሳ ዕቃውን ባዶ አድርጎ ሲመልስ ቤተሰቡ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። «ጎበዝ፣ እንጀራ ይወዳል» ተባለለት። በኋላ ሲጣራ ለካ ፍርፍሩን በየቀኑ ከቆሻሻ በርሜል እየደፋ፣ ጦሙን ውሎ ኖሯል የሚመለሰው! አንድ ቀን ክዳኑን ሲከፍት ጓደኞቹ ስለ ሽታው ተሳስቀውበት ነበር። ከዚያ ወዲያ አልከፈተውም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተቆጣነው ልጁን ነው። «ማንነትህን ታፍራለህ ወይ?» አልነው። የስምንት ዓመት ልጅ ለዚህ ምን መልስ አለው?

ነገሩን ስንመረምረው ግን ግማሹ ጥፋት የእኛ ነበር። በብዙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች ምሳቸውን የሚበሉት በክፍላቸው ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ተሰጥቷቸው ነው፤ ከዚያ ወደ ሜዳ ይወጣሉ። ማሞቂያ የለም፤ እጅ መታጠቢያውም ሩቅ ነው። እኛ ደግሞ በዘይት የራሰ ቀይ ወጥ ፍርፍር፣ ያውም ያለ ሹካ፣ እንልካለን። ያን ምግብ አዋቂ ሰው እንኳ በአሥር ደቂቃ፣ ልብሱን ሳያቆሽሽ፣ በሃያ አምስት ሰው ፊት መብላት ይቸግረዋል።

መፍትሔው እንጀራን መተው አይደለም። ወፍራም ሽሮ ወይም ድንች አልጫ በስሱ ቀብታችሁ፣ እንጀራውን አጥብቃችሁ ጠቅልሉና በቢላ በአጭር በአጭሩ ቁረጡት። ጃፓኖች ሩዛቸውን በዚሁ ዓይነት ጠቅልለው ነው ለዓለም የሸጡት፤ ዛሬ ሱሺ በሜልበርን የትምህርት ቤት ካንቲኖች ይሸጣል፤ ልጆቻችንም ገንዘብ ለምነው ይገዙታል። ቂንጬም በሹካ ይበላል። ድፎ ዳቦና እንቁላልስ ማን ይስቅባቸዋል? ለእረፍት ሰዓት ቆሎ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ለውዝ አትጨምሩበት። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለውዝ እንዳይመጣ ይጠይቃሉ፤ አንዳንድ ሕፃን በጥቂቱ እንኳ ለሞት የሚያደርስ አለርጂ አለበትና ነገሩ የቀልድ አይደለም። የሚጠጣው ደግሞ ውሃ ይሁን። በካርቶን የታሸገውን ጭማቂ «ፍራፍሬ ነው» እያልን ራሳችንን አናታልል፤ ስኳሩ ከለስላሳ ብዙ አይርቅም።

ስለ ቁርስም አንድ ቃል አለን። ከ2016 ጀምሮ የቪክቶሪያ መንግሥት ከፉድባንክ ቪክቶሪያ ጋር ሆኖ በ500 ትምህርት ቤቶች የቁርስ ክበብ አቋቋመ፤ በኋላም ተስፋፋ። ከእኛ ወገን «ልጄ ለማኝ ነው ወይ?» ብሎ የሚከለክል ወላጅ አለ። ለሊት ሠርቶ ጧት ለሚገባ አባት፣ ጎሕ ሳይቀድ ለጽዳት ሥራ ለምትወጣ እናት፣ ይህ ክበብ እፎይታ ነው። ክበቡ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሐኪምና የዳኛ ልጅም ገብቶ ይበላል።

ወደ ሩጫው እንለፍ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው የት እንደሆነ ልጆቻችሁን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እዚሁ ሜልበርን ነው፣ በ1956። በኋላ በ1968 በሜክሲኮ የማራቶን ወርቅ ያመጣው ማሞ ወልዴ በወጣትነቱ የሮጠው፣ ዛሬ በባቡር አጠገቡ በምናልፈው በኤምሲጂ ሜዳ ነው። እኛ ግን «የሯጮች አገር ልጆች ነን» እያልን ልጆቻችንን ሦስት መንገድ ለማይሞላ ርቀት በመኪና እናደርሳቸዋለን። በፍሌሚንግተንና በሰሜን ሜልበርን ፎቆች የምንኖር ደግሞ ስንሠጋ በር ዘግተን ስልክ እንሰጣቸዋለን። ለዕድሜያቸው የተመከረው በቀን 60 ደቂቃ ልብን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ነው፤ ከስድሳው ትምህርት ቤቱ የሚሸፍነው ጥቂቱን ብቻ ነው። እኛ በልጅነታችን አባሮሽ፣ ሰኞ ማክሰኞና የጨርቅ ኳስ ስንጫወት ደቂቃ የቆጠረልን አልነበረም።

በተለይ የሴት ልጆቻችን ነገር ያሳስበናል። ስምንተኛና ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ «ራሷን አሟታል» የሚል ወረቀት በየሳምንቱ የምንጽፍላቸው እኛው ነን። ምክንያቱ የልብስ ጉዳይ ከሆነ ረዥም ሱሪና ረዥም እጅጌ እንዲፈቀድ መጠየቅ ይቻላል። ዋናም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ልጅ አንደኛ ደረጃን ሲጨርስ 50 ሜትር እንዲዋኝ ይፈለጋል፤ ባሕር በከበበው አገር ይህ የቅንጦት ነገር አይደለም።

ጾምን በተመለከተ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጅ ከስንት ዓመቱ ይጹም የሚለውን ለየቤተሰቡና ለየሃይማኖት አባቱ እንተዋለን። እኛ የምንለው ለአስተማሪው ንገሩት ነው። ልጁ በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም ሲሮጥ ቢደክመው አስተማሪው ሰነፍ ነው ብሎ እንዳይጽፍበት፣ የቋሊማ ጥብስ በሚሸጥበት ቀንም ሌላ የሚበላ እንዲዘጋጅለት።

ይህን ሁሉ የት እንናገረው ለምትሉ፣ ቦታው የትምህርት ቤቱ ምክር ቤት ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከምክር ቤቱ አባላት ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ወላጆች ናቸው፤ የካንቲኑ ውል የሚያልፈውም በዚያ ነው። ምርጫው በየዓመቱ በመጀመሪያው ተርም፣ እስከ መጋቢት መጨረሻ ይካሄዳል። እኛ በዕድርና በማኅበር ስብሰባ እስከ እኩለ ሌሊት የምንከራከር ሰዎች፣ በዚያ ወንበር ላይ ያለነው እጅግ ጥቂት ነን። «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ይባላል። ሥጋ አልባ ፓይ ይጨመር ለማለት ስንት ቃል ያስፈልጋል?

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ቤት። ሌላውን ስንወቅስ የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቤታችን በእረፍት ሰዓት ምን ሲያቀርብ ኖረ? ለስላሳና ቺፕስ! መንግሥት ከካንቲኑ ያወጣውን እኛ በራሳችን ገንዘብ እየገዛን አስገባነው። ሦስት ሰዓት ሙሉም ከወንበር አናስነሣቸውም። ይህን ያደረግነው እኛው ኮሚቴው ነንና ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ለስላሳው ይቀራል፤ በምትኩ ውሃ፣ ብርቱካን፣ ሙዝና ለውዝ የሌለበት ቆሎ ይቀርባል። በትምህርቱ መካከል ግማሽ ሰዓት የጨዋታ ጊዜ ይኖራል፤ ገመድና ኳስ ተገዝቷል። የሚያጫውቱ አባቶች ግን እስካሁን ሁለት ብቻ ናቸው። የመመዝገቢያው ደብተር በበሩ አጠገብ ከጸሐፊያችን ዘንድ ይገኛል፤ ወደ ራት ከማለፋችሁ በፊት ስማችሁን አስፍሩልን።