«አሪፍ ነው» አይበቃም



አዲስ ፊልም አይቶ የመጣን ሰው «እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። «አሪፍ ነው» ይላችኋል። ካልተዋጠለት ደግሞ «አልተመቸኝም»። ምኑ ብላችሁ ብትከተሉት ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይተርክላችኋል፤ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን እንደከዳ፣ ማን እንደሞተ። ፊልሙን አበላሸባችሁ እንጂ ፍርድ አልሰጣችሁም። በሬዲዮና በቴሌቪዥን «የፊልም ዳሰሳ» ተብሎ የሚቀርበውም አብዛኛው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ታሪኩ ይነገራል፣ ተዋንያኑ በስም ይጠራሉ፣ አዘጋጁ ስንት ወር እንደፈጀበት ይጠየቃል፣ በመጨረሻም «እንድታዩት ጋብዘናል» ይባላል። ግብዣ የሰርግ ጠሪ ሥራ ነው። የሃያሲ ሥራ ሌላ ስለሆነ ዛሬ ይህን ሙያ እናንሳው።

ሂስ ለእኛ ለላስታ ሰዎች ባዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከእኛ ወደ ደቡብ ወረድ ሲባል ዋድላ ነው፤ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ አገር። ቅኔ ቤት ገብቶ የሚያውቅ አድማጭ ካለ ይመሰክርልኛል። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ጥግ ይዞ ሲቆጥር ይውልና የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ «ጎሽ» ብለው ብቻ አያሰናብቱትም። ቃሉ ላይ ያስቆሙታል፤ «እዚህ ላይ ሰሙ ወርቁን አልሸከም ብሏል፣ መልሰህ አምጣው» ይሉታል። ሲሰምርለት ደግሞ «ይበል!» ይባልለታል። ታዲያ የኔታ ሲያርሙ አስቀድመው የሚያዩት ልጁ የትኛውን የቅኔ ዓይነት ይዞ እንደመጣ ነው። ጉባኤ ቃና 2 ቤት ነው፣ መወድስ 8 ቤት ነው። ጉባኤ ቃና ይዞ የቀረበን ተማሪ «ለምን አጠረ?» ብሎ የሚቆጣ መምህር የለም። ያጠረው እንዲያጥር ስለተሠራ ነው፤ ጥያቄው በሁለቱ ቤት ምን አኖረበት የሚል ነው።

የፊልም ዘውግም በዚሁ ደንብ ይታያል። ፖስተሩ ላይ «ልብ ሰቃይ» ወይም «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» ተብሎ ሲጻፍ ከተመልካች ጋር ውል ታስሯል። ሃያሲው ያን ውል ይዞ ነው አዳራሽ የሚገባው። ኮሜዲ አይቶ «ቁም ነገር የለውም» ብሎ የሚወጣ ሰው ጉባኤ ቃናን 8 ቤት አልሞላህም ብሎ እንደነቀፈ ቁጠሩት። ኮሜዲን የምንጠይቀው ሳቁ ከየት መጣ ብለን ነው። ሁኔታው ራሱ አሳቀን ወይስ ተዋናዩ ፊቱን እያጣመመ ለመነን? የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች በፍቅር ኮሜዲ በተጥለቀለቁበት ዘመን ሳቁን ሁሉ ከዘበኛውና ከቤት ሠራተኛዋ የገጠር አነጋገር ለመቅዳት የሞከሩ ፊልሞች ብዙ ነበሩ። እኛ እዚህ ቁጭ ብለን ስናየው የገዛ አፋችን ነው የሚሳቅበት። ይህን የሚጽፍ ሃያሲ ግን ብዙም አላየሁም። ምናልባት እሱም አብሮ እየሳቀ ይሆናል።

አሜሪካዊው የፊልም ሃያሲ ሮጀር ኢበርት የየኔታን ደንብ ሳይሰማ ይሠራበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 በፊልም ሂስ የፑሊትዘርን ሽልማት የተቀበለ የመጀመሪያው ሰው ነው። ለአንድ ፊልም ኮከብ ሲሰጥ ከዓይነቱ ፊልሞች ጋር አመዛዝኖ እንደሚሰጥ፣ ሁሉንም በአንድ ሚዛን እንደማያስቀምጥ ራሱ ጽፏል። ይኸው ሰው ግን ከባልደረባው ከጂን ሲስክል ጋር በቴሌቪዥን አውራ ጣት እያነሳና እየደፋ ሲፈርድ ሕዝቡ ጣቱን ያዘና ምክንያቱን ተወው። ከዚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ሮተን ቶማቶስ የተባለው ድረ ገጽ መጣ። ከሃያስያኑ 60 በመቶና ከዚያ በላይ ከወደዱት ፊልሙ ትኩስ ቲማቲም ይባላል፤ ከዚያ ካነሰ የበሰበሰ። ልጆቻችን ፊልም ከማስጫናቸው በፊት ይህን ቁጥር ሲያዩ አያለሁ። ቁጥሩ የሚናገረው ስንት ሃያሲ እንደወደደው ነው፤ ምን ያህል እንደወደዱት አይናገርም። 100 ሃያሲ «ደህና ነው፣ አይጎዳም» ካሉ 100 በመቶ ያገኛል። 60ው እንቅልፍ አጥተውለት 40ው የተቆጡበት ፊልም ደግሞ 60 ላይ ይቀራል። እኔ ምረጥ ብባል ሁለተኛውን ነው የማየው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ቅዳሜ ገበያ ከተፈታ በኋላ ጠላ ቤት ተቀምጠን አንድ ጎረምሳ በሚሞሪ ያስጫነውን የአማርኛ ፊልም በስልኩ ያሳየናል። የገጠር ታሪክ ነው፤ ስሙን ልተወው። ዋናው ሰውዬ እርሻ ላይ ነው። አጠገቤ የነበሩ አንድ አያ ዓይናቸውን አጥብበው ትንሽ አዩና «ጅራፉን ለማን ሰጥቶት ነው?» አሉ። እውነትም ሰውዬው እርፉን በሁለት እጁ ሙጭጭ አድርጎ ይዞታል። ያረሰ ሰው ያውቃል፤ አንድ እጅ ለእርፉ፣ አንድ እጅ ለጅራፉ ነው። አያ ቀጠሉ፤ «ጋቢውም ከሱቅ ከወጣ አላደረም፣ እጥፋቱ ይታያል።» ጎረምሳው «አያ፣ ፊልም እኮ ነው» ቢላቸው፣ «ፊልም መሆኑንማ አየሁ፤ ገበሬ መሆኑን ነው ያጣሁት» አሉት።

እኒህ ሰው ቦታውን ጠቆሙ፣ ምክንያቱን ተናገሩ። የግማሽ ሰዓት ዳሰሳ ሰምቼ ይህን ያህል ያላገኘሁበት ጊዜ አለ። ሙያተኛው ሃያሲ በዚህ ላይ የሚጨምረው ምዘናውን ነው። የጅራፉ ነገር ፊልሙን ጣለው ወይስ አልጣለውም? የከተማ ኮሜዲ ውስጥ ለአፍታ የሚታይ ገበሬ ቢሆን ስቀን እናልፈዋለን። «የገበሬው ሕይወት» ብሎ ውል ያሰረ ፊልም ከሆነ ግን እርፉ ላይ የወደቀ ሌላ ቦታ መነሳቱን እጠራጠራለሁ። ዳይሬክተሩ ሞገስ ታፈሰ በ«ቁራኛዬ» ፊልሙ ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ወደ ችሎት የሚሄዱበትን የድሮ ሥርዓት ሲያነሳ እንደ አያ ያለ ዳኛ እየጠራ ነበር፤ የዘመን ፊልምን ዓይን ብቻ ሳይሆን ጆሮም ይፈርድበታል፤ የያኔ ሰው ሲሟገት እንዲህ ይናገር ነበር ወይ ብሎ።

እኒያ አያ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ቢያዩት ብዬ ተመኝቻለሁ። ኃይሌ ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1974፣ ንጉሡ በሚወርዱበት ሰሞን፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው የቀረጸው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳል፤ የተጫወቱትም ባብዛኛው ተዋናይ ያልሆኑ የአገሬው ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 በሎካርኖ የፊልም ፌስቲቫል ተሸለመ። በቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ የለመደ ተመልካች «ምን ይጎተታል?» ብሎ ሊዘጋው ይችላል። ይጎተታል። ካሜራው በሬዎቹን አያጣድፍም፤ ትልሙ እስኪያልቅ ይቆማል። ሃያሲው መመለስ ያለበት ይህ ዝግታ ድክመት ነው ወይስ ሥራ የሚለውን ነው። እኔ ሥራ ነው እላለሁ። ምርቱ ወደ ባለመሬቱ ጎተራ ሲገባ የሚያመን ድካሙን ከነርዝመቱ ስላየነው ነው፤ ካሜራው ቢቸኩል ኖሮ እህሉን እንጂ ላቡን ባላየን። ባለመሬቱ ግን ከሚገባው በላይ ይሳደባል፤ ክፉነቱን ስድቡ ሳይጀምር አውቀነዋል።

ለጉዳዩ የሚሰጥ ፍርድ ለፊልሙ የተሰጠ የሚመስልበት ጊዜም አለ። የዘረሰናይ ብርሃኔ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት ወሰደ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ስለዚህ ፊልም የተጻፈውን ስታነቡ አብዛኛው ስለ ጠለፋ ነው፣ ስለ ተጠለፈችው ልጅና ስለ ጠበቃዋ ነው። ይገባል፤ ከባድ ነገር ነው። ካሜራው የት እንደቆመ፣ የችሎቱ ትዕይንት ያዘን ወይስ ለቀቀን የሚለው ግን ከሥር ቀረ። ተቃራኒው ደግሞ በ«ክራምስ» ደረሰ። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ዳንኤል ታደሰን ይዞ እዚሁ አገራችን የሠራው፣ ዓለም ካለፈች በኋላ ያለውን ኑሮ የሚያሳይ የ68 ደቂቃ ፊልም ነው። የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ቅርስ ይከበርበታል። «ታሪኩ አልገባኝም» ብሎ መጣል ቀላል ነው። ታሪክ ሊተርክ ውል አላሰረም፤ ያሰረው እንግዳ ዓለም ሊያሳይ ነው፣ ያንንም አሳይቷል።

በአገራችን ሙያው ለምን አልጠናም ካላችሁ፣ አንዱ ምክንያት የሙያው ክበብ መጥበቡ ነው። ሃያሲውና ዳይሬክተሩ አንድ ካፌ ነው ቡና የሚጠጡት፤ የፕሮግራሙ ማስታወቂያም አንዳንዴ ከዚያው ፊልም ይመጣል። ዕድሜ የጠገቡት ደግሞ በደርግ ጊዜ ስብሰባ ላይ ሂስና ግለ ሂስ አድርጉ የተባሉበትን አልረሱም፤ ያኔ ስህተትህን የነገረህ ሰው እንጀራህንም ሊነጥቅህ ይችል ነበር። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ የጉማ ሽልማት አለን፣ ስሙን ከሚሼል ፓፓታኪስ ፊልም የወሰደው። ሽልማት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አሸናፊውን ይነግረናል እንጂ ለምን እንዳሸነፈ አያብራራም። ሥነ ጽሑፋችን ደበበ ሰይፉን፣ ዘሪሁን አስፋውን፣ ብርሃኑ ገበየሁን የመሰሉ አሳቢዎች አግኝቷል። ፊልማችን እንዲህ ያለ ሰው ገና እየጠበቀ ነው። አቦነህ አሻግሬ ከሁለት የውጭ አጥኚዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት «ሲኔ ኢትዮጵያ» ጠንካራ መጽሐፍ ነው፤ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ራሴም አንድ ፍርድ ሳልሰጥ ብወርድ አያምርብኝም። የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ልውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው፤ ዘውጉ የቤተሰብ ድራማ ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ በድርቅ ሞታበት፣ አባቱ ተራራ ላይ ካሉ ዘመዶች ዘንድ ትቶት ይሄዳል። ያለው ሀብት ቹኒ የምትባል በግ ናት፤ አጎቱ ደግሞ ለበዓል ሊያርዳት ይፈልጋል። ልጁ ከእርሻ ይልቅ ወጥ መሥራት ይችላል፣ ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይሸጣል።

ጥንካሬው የቤቱ ውስጥ ነው። ወንድ ልጅ ምጣድ ሥር ሲቀመጥ አጎቱ የሚሰማው እፍረት በአንድ አነጋገር፣ በአንድ አስተያየት ይወጣል፤ ማንም ቆሞ ንግግር አያደርግም። ረድኤት አማረ ኤፍሬምን ሆኖ ሲጫወት እንባ አይለምንም፤ እጁ በበጓ ፀጉር ውስጥ ሲገባ የምናየው በቂ ነው። አጎትየውም ጨካኝ ተደርጎ አልተሳለም። ብዙ አፍ የሚቀልብ ሰው ነው፤ በበዓል ባዶ ድስት ጥዶ ለጎረቤት መታየትን ይፈራል። ይህን ፍርሃት ከላስታ ሰው በላይ የሚያውቀው የለም።

ድክመቱ ውበቱ ላይ ነው። የውጭ ሃያስያን ተራራውን አደነቁ። እኛ የላሊበላ ሰዎች ግን ካሜራ ሲመጣ ሲሄድ ነው ያደግነው፤ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ አንስቶ፣ መስቀሉን አሳይቶ የሚመለስ ስንቱን አይተናል። ፖስትካርድ ሲመጣ እናውቀዋለን። «ላምብ»ም ላይ ጭንቀቱ በሚጠብቅበት ሰዓት አረንጓዴው ሸለቆ እየገባ ልባችንን የሚያዘናጋበት ቦታ አለ፤ ድርቅ እናቱን የወሰደበትን ልጅ ስናይ መሬቱ እንዲህ ሲያምር ትንሽ ያጠራጥራል። ከዚያ ውጭ ውሉን አክብሯል። ከልጆቻችሁ ጋር እዩት፣ በተለይ በግ ለበዓል የታሰረ ሰሞን እዩትና የሚጠይቋችሁን ጥያቄ ስሙ። መጨረሻውን አልናገርም። ሳምንት ስትደውሉ ግን «አሪፍ ነው» የሚል ስልክ አላነሳም፤ የትኛው ቦታ እንደሆነና ለምን እንደሆነ ይዛችሁ ደውሉ።