አሣን በቤት ስለ መያዝ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሠፈራችን ባንዳንድ ቤት ልጆች በመስታወት ሣጥን አሣ መያዝ ጀምረዋል። መልካም ነው። ግን አሣው በሳምንቱ ሲሞት ልጁ ያለቅሳል፤ ወላጅም «ርቦት ነው» እያለ ለቀሩት ምግብ ያበዛል። እኛ እንዳየነው ባብዛኛው የሚገድለው ውኃው እንጂ ረኃቡ አይደለም። ኩሱና የተረፈው ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል። ይህን መርዝ የሚያበርዱት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው፤ ባዲስ ሣጥን እስኪራቡ ግን ሳምንታት ይፈጃል።

ስለዚህ፦

1. ሲጀመር ከ2 ትናንሽ አሣ አይብለጥ።
2. ምግቡ በ2 ደቂቃ የሚያልቅ ብቻ ይሁን።
3. የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት ክፍት ባልዲ ውስጥ 24 ሰዓት ይቆይ።
4. በሳምንት ሩቡን ውኃ ብቻ ቀይሩ። ሁሉንም መድፋት ደጎቹን ተሕዋስያን ያሳጣል። ሳሙናም አይንካው።

አንድ አደራ አለን። የሰለቻችሁን አሣ ወንዝ አትጨምሩ። ብርም ፈጣምም ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ ወርቃማው አሣ አገሩ ቻይና ነው። የውጭ አሣ ከተራባ ያገራችንን አሣ ምግብ ይሻማል፣ በሽታም ያመጣበታል። ለጎረቤት ልጅ ስጡት።

የማኅበሩ ጸሐፊ