ከቀመሩ በፊት መስፈሪያው

(በጉራጌ ዞን በአረቅጥ ከተማ ለአንደኛ ደረጃ መምህራን፣ ለወላጆችና ለውኃ ኮሚቴ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ ልጆች የሒሳብ ትምህርት ለመናገር ስንነሣ ከራሳችን ስሕተት እንጀምራለን። ከዚህ ቀደም በአንድ የገጠር ቀበሌ ከድንጋይ የተገነባ ክብ የውኃ ማጠራቀሚያ ተረክበን ነበር። በውጭ በኩል ለካነው፤ ከዳር እስከ ዳር 2.5 ሜትር፣ የውኃው ከፍታ 2 ሜትር ነው። የሲሊንደር ይዘት የመሠረቱ ስፋት በቁመቱ ተባዝቶ ይገኛልና 3.14 × 1.25 × 1.25 × 2 ብለን አሰላን፤ 9.8 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም 9,800 ሊትር ገደማ ሆነ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለአንድ የገጠር ነዋሪ የተቀመጠው መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር ነበር። አምስት ሰው ላለበት ቤት 125 ሊትር ይደርሰዋል። ስለዚህ ማጠራቀሚያው አንድ ጊዜ ሲሞላ ለ78 ቤተሰብ ይበቃል ብለን ወረፋውን ደለደልን።

በጋው ሲጠና በወረፋው መጨረሻ ያሉት እናቶች ባዶ ጀሪካን ይዘው ይመለሱ ጀመር። ቧንቧውን የሚከፍተው ጠባቂም ተጠረጠረ። ነገሩን የፈታችው ውኃ የምትቀዳ አንዲት ተማሪ ናት። ማጠራቀሚያው ሞልቶ እስኪያልቅ ድረስ የተቀዳውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቆጥራ፣ «ከ300 ብዙም አያልፍም» አለችን። እኛ የጠበቅነው 490 ነበር። ውስጡን ስንለካ ግንቡ በየጎኑ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው፤ የውስጡ ዲያሜትር 2 ሜትር ብቻ ነው። 3.14 × 1 × 1 × 2 ደግሞ 6.28 ሜትር ኪዩብ፣ 6,280 ሊትር፣ 314 ጀሪካን ነው፤ ከ50 ቤተሰብ አያልፍም። ጠባቂው ንጹሕ ነበር። የጎደለውን ቦታ የያዘው ግንቡ ነው።

ቀመሩን እናውቀው ነበር፤ የዘነጋነው ትርጉሙን ነው። በውጭ የተለካው ግንቡን ጨምሮ ዕቃው የያዘውን ቦታ ይነግረናል፤ በውስጥ የተለካው ደግሞ ዕቃው የሚይዘውን ውኃ። ልጅቱ ቀመሩን ገና አልተማረችም፤ ነገር ግን በጀርባዋ ተሸክማ ስለ ሰፈረችው ይዘት ምን እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ አውቃለች። ስለዚህ ልጆች ቀመር ከመያዛቸው በፊት ይስፈሩ እንላለን።

አሰጣጡ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በመጀመሪያ ባዶ የክብሪት ቀፎዎች ይሰብሰቡና በአንድ ካርቶን ውስጥ ይደርደሩ። ከታች በአንድ ረድፍ 6፣ እንዲህ ያለ 4 ረድፍ ቢገባ አንዱ ንጣፍ 24 ነው፤ ሦስት ንጣፍ ሲሆን 72። ልጁ ራሱ ቆጥሮ ሲደርስበት፣ ርዝመት በወርድ የታችኛውን ንጣፍ፣ ቁመት ደግሞ የንጣፉን ብዛት እንደሚሰጥ መምህሩ ሳይነግረው ይረዳዋል።

ቀጥሎ በሁሉም ጎን 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ከካርቶን ይሠራ፤ ውስጡ ፌስታል ይነጠፍበትና ከአንድ ሊትር ጠርሙስ ውኃ ይገልበጥበት። ልክ ይሞላል። 1,000 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ አንድ ሊትር መሆኑን ያየ ልጅ፣ አንድ ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር፣ ማለትም 50 ጀሪካን መሆኑን አይረሳም።

ሲሊንደርና ሾጣጣ ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጉራጌ ጎጆ ግድግዳው ሲሊንደር፣ ክዳኑ ሾጣጣ ነው። ከወፍራም ወረቀት አፉና ቁመቱ ከአንድ ጣሳ ጋር እኩል የሆነ ሾጣጣ ተጠቅልሎ ገብስ ይሰፈርበት። ጣሳው የሚሞላው በሦስተኛው ነው። የሾጣጣ ቀመር ውስጥ ያለው አንድ ሦስተኛ ከየት እንደ መጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለሕፃን አናውቅም።

አንድ ስሕተት ግን በተለይ ይጠበቅ። ልጆቻችን የኖኅ መርከብ ርዝመቷ 300፣ ወርዷ 50፣ ቁመቷ 30 ክንድ እንደ ነበረ በሰንበት ትምህርት ቤት ይሰማሉ። ሲባዛ 450,000 ክንድ ኪዩብ ይሆናል። ክንድን ግማሽ ሜትር ያህል ብንቆጥረው ስንት ሜትር ኪዩብ ነው? ብዙ ልጅ ግማሹን ወስዶ 225,000 ይላል። ነገር ግን በሁሉም ጎን አንድ ሜትር የሆነ ሣጥን፣ በሁሉም ጎን ግማሽ ሜትር የሆኑ 8 ሣጥኖችን ይይዛል፤ ሁለት በርዝመት፣ ሁለት በወርድ፣ ሁለት በቁመት። ስለዚህ መልሱ 56,250 ነው። ሣጥን ሳይደረድር ቀመር የሸመደደ ልጅ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ትልልቆችም እንሰናከላለን።

ወላጆች ሆይ፣ የቆጮ ጉድጓድ ሲቆፈር ቅጠሉ ከመነጠፉ በፊት ልጁ ዲያሜትሩንና ጥልቀቱን ይለካ፤ ስንት እንደሚይዝ ይገምት፤ ሲሞላም ግምቱን ይፈትን። መምህራን፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ወደ ጀፎሮው ወጥታችሁ አስተምሩ። የኮሚቴው አባላት፣ ማጠራቀሚያ ስትረከቡ ውስጡን ለኩ፤ ተማሪዎችንም ከጎናችሁ አቁሙ፤ ቁጥሩንም በግድግዳው ላይ ሁሉም በሚያነበው ጽሕፈት አኑሩት።

በዚያ ቀበሌ 28 ቤተሰቦች በእኛ ቁጥር ላይ ነበሩ፤ በውኃው ላይ ግን አልነበሩም። ዛሬ የምታስተምሯቸው ልጆች ነገ የውኃ ኮሚቴ አባል፣ ግንበኛና መሐንዲስ ይሆናሉ። ያን ጊዜ በወረፋ መጨረሻ የምትቆመው እናት ጀሪካኗን ሞልታ እንድትመለስ፣ መለኪያውን ዛሬ በእጃቸው እንስጣቸው።