ስለ ኤርምያስ እርሻ
ልብ ሲጠራጠር እግዚአብሔርን ስለ መታዘዝ፥ በኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የቤተ ክርስቲያናችንን ኢዮቤልዩ ለማክበር ተሰብስበናል። የኢዮቤልዩ መሠረቱ በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 የተጻፈው ሕግ ነው፤ ይኸውም በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ተነፍቶ የተሸጠው ሰው አርነት እንዲወጣ፥ በችግር ምክንያት የተሸጠውም ርስት ለባለቤቱ እንዲመለስ የሚያዝዝ ነው። በዚያው ምዕራፍ፥ ሰው ደኽይቶ ርስቱን ቢሸጥ የቅርብ ዘመዱ ይቤዠው ዘንድ ታዝዟል። እኔም በዚህ ሕግ እርሻ ስለ ገዛው ስለ ነቢዩ ኤርምያስ ጥቂት ቃል ልናገር እወዳለሁ፤ ልቡ እየጠየቀ እጁ የታዘዘ ሰው ነበርና።

ነገሩ በትንቢተ ኤርምያስ በምዕራፍ 32 ይገኛል። ዘመኑም የይሁዳ ንጉሥ ሴዴቅያስ በነገሠ በ10ኛው ዓመት፥ ከጌታችን ልደት በፊት በ587 ዓመት ገደማ ነበር። የናቡከደነፆር ጭፍራ ኢየሩሳሌምን ከቦ፥ በከተማይቱም ራብና ቸነፈር ገብቶ ነበር። ኤርምያስ ከተማይቱ ትያዛለች ብሎ ስለ ተናገረ በንጉሡ ቤት በግዞት አደባባይ ታስሮ ይኖር ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻውን እንዲገዛው ለመነው። ዓናቶት ለኢየሩሳሌም ቅርብ የሆነች የኤርምያስ የትውልድ አገር ናት፤ ሰዎችዋ ግን አስቀድመው ሊገድሉት ተማክረውበት ነበር።

እንግዲህ እናስተውል። ጠላት በከበበው አገር እርሻ የሚገዛ ማን ነው? ገዥው እስረኛ ነው፤ አገሪቱም እንደምትጠፋ ሲናገር የኖረ እርሱ ራሱ ነው። ዳሩ ግን አናምኤል እንደሚመጣ እግዚአብሔር አስቀድሞ ነግሮት ነበርና፥ ሰውዬው በመጣ ጊዜ ነገሩ ከእግዚአብሔር እንደ ሆነ ዐወቀ። 17 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ፤ ውሉን ፈረመ፤ ምስክሮችንም አቆመ። ከዚያም የታተመውንና ያልታተመውን ጽሕፈት ለብዙ ዘመን ይጠበቅ ዘንድ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖረው የኔርያን ልጅ ባሮክን አዘዘው።

ይህን ከፈጸመ በኋላ ጸለየ። የፈጣሪውንም ኀይል ካመሰገነ በኋላ በልቡ ያለውን አልሸሸገም፤ ከተማይቱ ለከለዳውያን አልፋ ስትሰጥ እርሻ ግዛ መባሉ አስቸግሮት ነበርና፥ ይህንኑ በእግዚአብሔር ፊት አቀረበ። እግዚአብሔርም ስለ መጠየቁ አልተቈጣውም፤ በዚያች ምድር ዳግመኛ እርሻ የሚገዛበት ዘመን እንደሚመጣ አስረዳው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። አስቀድሞ የነገሩን ተራ እንመልከት። ኤርምያስ ብሩን የመዘነው ለጥያቄው መልስ ካገኘ በኋላ አይደለም። እኛ ግን ልቤ ይረጋጋና ያን ጊዜ እታረቃለሁ፤ ጥርጥሬ ይለቀኝና ያን ጊዜ እጾማለሁ፥ እጸልያለሁ እንላለን። እንዲህ ስንል ቂሙ ያረጃል፥ የገፋነውም የድኻ ድንበር ሳይመለስ እኛ እናልፋለን። የልባችንን ሰላም እስክናገኝ ድረስ መታዘዝን ብናዘገየው፥ የሚጐዳው ባልንጀራችን ነው።

ዳሩ ግን በልብ የመጣ አሳብ ሁሉ የእግዚአብሔር ቃል አይደለም። ነቢዩ ስንኳ ምልክቱን አይቶ ዐወቀ። ስለዚህ አሳባችንን በትእዛዛቱና በወንጌል እንመርምረው፤ ለንስሐ አባታችንም እንንገረው። ሰውን የሚጐዳ አሳብ ቢሆን ከእግዚአብሔር አይደለም። ጠላትህን ይቅር በል፥ ለድኻው ፍረድለት፥ የታመመውን ጠይቅ የሚለው ግን ግልጽ ትእዛዝ ነውና ሌላ ምልክት አያስፈልገውም።

ደግሞም ኤርምያስ የእርሻውን ፍሬ አልበላም። ከተማይቱ ከጠፋች በኋላ ወገኖቹ ወደ ግብጽ፥ ወደ ጣፍናስ ወሰዱት። የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ከልደት በፊት በ538 ዓመት ገደማ ምርኮኞቹ እንዲመለሱ በፈቀደ ጊዜ ግን፥ በመጽሐፈ ዕዝራ በምዕራፍ 2 ከተቈጠሩት ተመላሾች የዓናቶት ሰዎች 128 ነበሩ። ያን እርሻ ማን እንዳረሰው አልተጻፈም። ስለዚህ ለታመመ ልጅዋ ጸልያ ልጅዋን ለቀበረች እናት፥ ብትታዘዢ የለመንሽውን ሁሉ በዐይንሽ ታዪያለሽ ብዬ አልነግራትም። የምነግራት፥ እንባዋንና ጥያቄዋን ይዛ ወደዚህ ደጅ መምጣትዋ እምነት መሆኑን ነው።

ለእኛ ለቀሩት ደግሞ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ምሳሌ ይሁነን። ኤርምያስን በጭቃ ጕድጓድ በጣሉት ጊዜ፥ አቤሜሌክ ወደ ንጉሡ ገብቶ አስፈቀደና ሰዎች ይዞ ሄደ። ገመድ ብቻ አልጣለለትም፤ ገመዱ እንዳይጐዳው አሮጌ ጨርቅ አውርዶ በብብቱ ሥር እንዲያደርገው ነገረው። በጥርጥር ጕድጓድ ውስጥ ያለውን ወንድማችንን ስናወጣ እንዲሁ በርኅራኄ ይሁን፤ በጕድጓዱ አፍ ቆመን ብንቈጣው ከጭቃው አይወጣምና።

ይህችን ቤተ ክርስቲያን የመሠረቱ አባቶችና እናቶች ዛሬ ከመካከላችን ብዙዎቹ የሉም። የሰጡት ገንዘብና የተሸከሙት ድንጋይ የእነርሱ 17 ሰቅል ነበር፤ ፍሬውን የምንበላ እኛ ነን። እኛም በፈንታችን፥ ፍጻሜውን ባናይ ስንኳ፥ የታዘዝነውን ዛሬ እንመዝን፤ ለልጆቻችንም ውሉን በሸክላ ዕቃ እናኑርላቸው።

ልመናችንን ሰምቶ፥ ጥርጥራችንን ታግሦ፥ በፈቃዱ ያጽናን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።